በመዝገብ ላይ የሚነዱ ምድጃዎች

ለወንድሜ ለአጵሎስ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሰውነትህ ጸንቶ፣ ሱቅህም ክፍት ሆኖ ያግኝህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሣብሃል? ወገብህስ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? በረንዳህ ላይ ስለሚከመረው የከሰል ብናኝ የነገርከኝን እማዬ ከሰማች ወዲህ «ደረቱን ይሸፍናል ወይ?» ብላ ሳትጠይቀኝ የዋለችበት ቀን የለም። ጎረቤቶችህ እንዴት ናቸው? አብረውህ የነበሩት የዱራሜ ልጆችስ አሉ ወይስ እነሱም ሄዱ? እኛ የጌታ ቸርነት ሳይለየን ውለን እናድራለን።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ብሩ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይሸጥ የነበረው። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፁ ይቆራረጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። ከአባባ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ በሀዲይኛ ነው። እኔና አንተ መጻፍ የተማርነው ግን በአማርኛ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ቃል ቢቀዘቅዝብህ በልብህ አሙቀው።

በገና ሰሞን የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እዚያ ደቡብ አፍሪካ ያለህበት ከተማ የከሰል ኃይል ማመንጫው ሥራ እንዳቆመ፣ ሠራተኞቹ ቤታቸውን እየዘጉ እንደሄዱ፣ ዳቦ እያስመጣህ እየደረቀብህ እንደምትጥል ነገርከኝ። መጨረሻ ላይ «አንቺ የምትሠሪው ሥራ እኮ ነው ሱቄን ባዶ ያደረገው። እስቲ ንገሪኝ፣ አንድ አገር ጭሱን እንዴት አድርጎ ነው ዜሮ የሚያደርሰው? እነማንስ ናቸው ይህን ያሰቡት?» አልክ። እየሳቅህ ነው ያልከው፤ ሳቁን ግን አላመንኩትም። እስከ ዛሬ ያልመለስኩልህ ተቀይሜ እንዳይመስልህ። ደክሞኝ ነበር። አሁንም ደክሞኛል፤ ግን ብሩ ከመሄዱ በፊት ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የወረዳው ኢነርጂ ባለሙያ ስሆን፣ ሥልጠና ላይ ያስተማሩን እንዲህ ነው። አገሩ መጀመሪያ ጭሱ ከየት ከየት እንደሚወጣ ይቆጥራል። ከዚያ በየምንጩ እየሄደ ያጠፋዋል፤ ከሰልና ናፍጣውን በውሃ፣ በነፋስና በፀሐይ ይተካል፤ መኪናውን በኤሌክትሪክ ያስኬዳል፤ ደኑ እንዳይመነጠር ይጠብቃል። ጨርሶ ማጥፋት ያልቻላትን ትርፍ ደግሞ ዛፍና አፈር እንዲውጧት ያደርጋል። የወጣውና የተዋጠው እኩል ሲሆን ዜሮ ደረሰ ይባላል። የእኛም መንግሥት በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ እዚያ እደርሳለሁ ብሏል። መብራታችን አብዛኛው ከግድብ ስለሆነ እንደ እናንተ ከተማ የሚዘጋ ትልቅ ጭስ ማውጫ የለንም። የእኛ ጭስ ከማገዶ፣ ከተመነጠረ ደንና ከከብት ነው። ከብት ስታመሰኳ በግሳቷ የሚወጣው አየርም እንደሚቆጠር ለአባባ ስነግረው፣ ብዙ ካሰበ በኋላ «ታዲያ ለላሟ ነግረዋታል?» አለኝ።

ባዮጋዝ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የሚሰጠው ጋዝ በምድጃው ሲነድ እንጨት ይተርፋል፤ ለዚያ ነው አገሩ ሁሉ ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረው። እያንዳንዱ ጉድጓድ በዓመት ይህን ያህል እንጨት አዳነ ተብሎ በወረቀት ላይ ይባዛል፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያለ አገሪቱ ይህን ያህል ቀነስኩ ወደምትለው ቁጥር ይገባል። እዚያ ቁጥር ውስጥ ያንተም እጅ አለበት። ግንበኝነቱን ሠልጥነህ፣ ከመሄድህ በፊት አሥራ ዘጠኝ ጉድጓድ ሠራህ፤ የመጀመሪያው የአባባ ነበር። አንተ የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ፣ የሚቀጥለው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ኅዳር ላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን አቶ ወልደ ሰንበት አስጠሩኝ። አባታቸው ከጎጃም መጥተው እዚህ ያስተምሩ የነበሩ ናቸው፤ እሳቸውም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ከክልል እንግዶች ስለሚመጡ የባዮጋዙ ሪፖርት ታድሶ ይቅረብ አሉኝ። መዝገባችን ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጉድጓድ አለ። ቅጹ የሚጠይቀው «የተገነባ» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨምሬ አናቱ ላይ «የሚነድ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ከወንዳፈረው ጋር ወጣን። ወንዳፈረው የእንስሳት ባለሙያ ነው፤ ወሬ አያበዛም፣ ወገቡን ያመዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ወረፋ ላይ እየዋለች በእግራችን የሄድነው ይበልጣል። ሰባት ሳምንት ፈጀብን። አንዱ ቤት ጉድጓዱ ላይ እንሰት ተተክሎበት አገኘን፤ ባለቤቱ «ሥሩ ማዳበሪያ ስላለ ይፋፋል» አለን፣ እውነቱን ነው፣ ተፋፍቷል። ሌላው ቤት የጋዙ ቱቦ ተቆርጦ ፍየል ታስሮበታል። አንዲት እናት ምድጃውን አጥበው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውታል። «የመንግሥት ዕቃ ስለሆነ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ማንም በተንኮል አልተወውም፣ አጵሎስ። የጋዙ መክፈቻ ቫልቭ ዝጎ ነው፤ ቱቦ ተሰንጥቆ ነው፤ ላም ተሽጣ ወይም ውሃ ርቆ ነው። የሚጠግንላችሁ ማን ነው ስንላቸው ሁሉም ስም ይጠሩልናል፤ የተጠሩት ስሞች ግን እናንተ ጋ ናቸው። አብራችሁ ከሠለጠናችሁት አሥራ አንድ ልጆች ዘጠኛችሁ ደቡብ አፍሪካ ናችሁ። አንዱ አንጋጫ ገበያ ስልክ ይጠግናል። አንዱ፣ ታውቃለህ፣ መንገድ ላይ ቀረ።

ትርፊትን ታስታውሳታለህ? ባሏ የሞተባት፣ ከወፍጮው በላይ ያለችው። ጉድጓዷን የሠራህላት አንተ ነህ። የእሷ ይነዳል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወር አላቋረጠም። ቱቦው ሲሰነጠቅ ከብስክሌት ጎማ ቆርጣ ትጠግነዋለች፣ ቫልቩን ራሷ ፈትታ ቅባት ትቀባዋለች። ማን አስተማረሽ ስላት «ልጁ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁት። ነገ ሲበላሽ እሱን የት አገኘዋለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ጭስ ስላላጠቆረው የጓዳዋ ግድግዳ ነጭ ነው። እዚያ ቤት ተቀምጬ ትንሽ አረፍኩ።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ቆጥረን ስንጨርስ የሚነዱት ሃምሳ ስምንት ሆኑ። የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛው።

አባባ ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ የተሸለመው በዚያ ጉድጓድ መሆኑን ታውቃለህ። የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ውስጥ ካንተ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወሰደው እሱ ጋ ነው። እኔ በበዓል ስሄድ እማዬ ጓሮ በእንጨት ስታበስል አያታለሁ፤ «ጋዙን ጠዋት ጨርሰነው ነው» ትለኛለች። ባለሙያዋ እኔ ሆኜ አመንኳት፤ ወይም ማመኑ ቀለለኝ።

አንድ ቅዳሜ ሄድን። ወንዳፈረው በሩ ላይ ሲደርስ ጫማዬን ልጥረግ ብሎ ሆን ብሎ ውጭ ቀረ። አባባ አቮካዶው ሥር ተቀምጧል። ሰላም ተባብለን ወደ ምድጃው ገባሁና ቫልቩን ላዞረው ብሞክር አልዞር አለኝ፤ ሽታ እንኳ የለም። ስወጣ አባባ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሦስት ዓመት ሆነው» አለ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «መዝጋቢዎቹ በየዓመቱ መጥተው አለ ወይ ይሉኛል፤ አለ እላቸዋለሁ። ልጄ በእጁ የሠራው ነው። እሱ በሰው አገር እየለፋ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሥራው ሞተ ብዬ እንዴት አስጽፋለሁ?» አለኝ። ከዚያ «አንቺስ ምን ልትጽፊ ነው?» አለኝ።

ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያቺ መስመር አሥር ቀን ባዶዋን ቆየች። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ቤት ገብቼ የሰውን ጉድለት እዚያው ቆሜ ጽፌያለሁ፤ የአባቴን ግን ሳልጽፍ ይዤው ወጣሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን «አይነድም» ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ወልደ ሰንበት ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ጵርስቅላ፣ ይህን ከላክሁ እስከ ዛሬ የፈረምኩት ሁሉ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም «አልዋሸሁም እኮ፤ የሰጡኝን ነው ያሳለፍኩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛም የሰጡንን ነው ያሳለፍነው። በመጨረሻ «የተገነባ የሚለውን ብቻ እንላክ። ያኛው ዓምድ ቅጹ ላይ የለም» አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። አልጮሁብኝም፣ አላስፈራሩኝም፤ ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ አስገቡትና «ሂጂ እረፊ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለማቴዎስ ነገርኩት። የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር። «ፈርመሽ ተገላገይ ልልሽ አልችልም፤ አትፈርሚ ልልሽም እፈራለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ፈሪነቱን አይደብቅም።

እንግዶቹ ጥር ሃያ መጡ። እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ አባባ ግቢ ተወሰዱ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል፤ ዳንቴል ያለበሱት እናትም አሉ፣ ትርፊትም አለች። አቶ ወልደ ሰንበት ስለ ወረዳው ሥራ አጠር አድርገው ተናገሩ፤ ቁጥር አልጠሩም። እኔ ከወንዳፈረው ጀርባ ቆሜያለሁ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ገና ወጣት ናት፣ በትሕትና «አባታችን፣ ምድጃውን ለኩሰው ያሳዩን» አለችው።

አባባ ከበርጩማው ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። «አይነድም» አላት። «ሦስት ዓመት ሆነው። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፤ ልጆቼን ማንም እንዳይጠይቅ። የሠራው ልጄ ሥራውን ያውቃል፤ የቆጠረችውም ልጄ ቆጠራውን ታውቃለች።» ይህን ብሎ አልተቀመጠም፤ ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አጵሎስ፣ አባባ በሰባ አራት ዓመቱ ሰው ፊት እንደዚያ ቆሞ ሳየው ወደ እሱ ልሄድ ተነቃነቅሁ፤ ወንዳፈረው ክንዴን ያዘኝ።

ከዚያ ዳንቴል ያለበሱት እናት ተነሥተው «የእኔም አይነድም» አሉ። ቀጥሎ እንሰት የተከለው። ቀጥሎ ሌላ። በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሲሰጥ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እንደሚነሣው ነበር፤ ድምፃቸውም እንደዚያው ዝቅ ያለ። አሥራ ምናምን ሰው ተነሣ። አቶ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ነው። ባለሙያችን ቤት ለቤት ሄዳ የቆጠረችው ነው» ብለው ለወጣቷ እንግዳ ሰጧት። ወረቀቱን ያን ቀን ይዘውት የመጡት ሊሰጡት ይሁን ሊደብቁት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም፤ የምጠይቃቸውም አይመስለኝም።

ምን መጣ ብትለኝ፣ ደጉም ክፉውም መጣ። የካቲት መጀመሪያ በደረሰን ደብዳቤ ዘንድሮ ሊገነቡ ከታሰቡት ስድሳ አዳዲስ ጉድጓዶች አርባው ቀርተው ያሉት እንዲጠገኑ ተፈቀደ። ስድስት ጠጋኞች ይሠልጥኑ ተብሏል፤ የመጀመሪያዋ ትርፊት ናት። በሌላ በኩል ወረዳችን ከተመሰገኑት ተርታ ወጥቶ ከመጨረሻዎቹ ጋር ተመደበ። ቢሮ ውስጥ አንዳንዱ ሰው በቅጡ ሰላም አይለኝም፤ በእነሱ ላይ የተጻፈ መስሏቸው ነው። ለእኔ ታስቦ የነበረው የቡድን መሪነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ ወልደ ሰንበት ጡረታቸውን ቀድመው ጠየቁ። ሊሰናበቱኝ መጥተው ስለ ልጆቻቸው ብቻ አውርተውኝ ሄዱ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። እንደ ረጅም ጉዞ ነው፤ ስትደርስ የምትፈልገው መቀመጫ ብቻ ነው።

የአባባን ጉድጓድ እንግዶቹ በሄዱ በሳምንቱ ትርፊትና ወንዳፈረው ከፈቱት። ክዳኑን አንሥተው የታመቀ አየር ካለ እንዲወጣ አራት ቀን ተዉት። የደረቀውን ሲያወጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ትርፊት በገመድ ታስራ ወርዳ ግድግዳውን ዙሪያውን በመዳፏ እየመታች አዳመጠችው። አባባ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃታል። ከታች ሆና «ስንጥቅ የለውም። ልስኑ እንኳ አልተላጠም» አለችው። «ደግመሽ በይው» አላት። ደግማ አለችው። የተበላሸው ቫልቩና መውጫው ቱቦ ብቻ ነው። ካንተ አሥራ ዘጠኝ ጉድጓዶች አንዱም በግንቡ አልተበላሸም፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፣ በእኔ እጅ ተጽፎ አለ።

የካቲት ማለቂያ ላይ ነደደ። ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ላሞቹ ሁለት ብቻ ስለቀሩ እበቱ አይበቃም፤ ጠዋት ወተት ያፈላል፣ ሽሮ ያበስላል፣ ከዚያ ይደክማል። ቆጮውን እማዬ አሁንም በእንጨት ትጋግራለች። ቅጹ ላይ «የሚነድ» እና «የማይነድ» ብቻ ስለነበረ «በከፊል» የምትል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ። ወንዳፈረው አይቶኝ «እንግዲህ አታቆሚም» አለኝ።

እና ጥያቄህን በተመለከተ፣ እነማን እንዳሰቡት አላውቅም። አገር ሁሉ ጭሱን ካላጠፋ ዝናቡ እንደማይመለስ ግን አምናለሁ፤ ዘንድሮ በበልጉ ወራት የሆመቾን መንገድ ብታየው አቧራ ነው። ጭስ ማውጫው መዘጋቱ ስህተት ነው አልልህም። ግን የዘጉት ሰዎች ጭሱን ሲቆጥሩ ለሠራተኞቹ ዳቦ የሚሸጠውን ሰው አልቆጠሩም። እዚህም ጉድጓዱን ሲቆጥሩ ቫልቭ የሚለውጠውን ሰው አልቆጠሩም። እቅዱ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ መጥቶ ነደደ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው የጠፋው። ወዳንተም ከተማ አንድ ሰው መጥቶ፣ ሱቅህ በር ላይ ቆሞ፣ አንተ አሁን ምን ልትሆን ነው ቢልህ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ከዚህ በላይ አላውቅም። ባለሙያ ነሽ ብለህ ሌላ እንዳትጠብቀኝ።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ለስድስቱ ጠጋኞች ሠልጣኝ እንጂ አሠልጣኝ አልተገኘም፤ ቦታው ክፍት ነው። ና አልልህም። የሄድህበትን መንገድ አውቃለሁ፣ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስልም እገምታለሁ። አባባም ና በይው አላለኝም፤ እማዬ እንዲያውም እንዳትነግሪው ብላ ከልክላኝ ነበር። ያለውን አለ ብዬ መንገሬ ብቻ ነው።

ከቤት ያለው ሰላምታ ይህ ነው። እማዬ ደህና ነኝ በይው ብላኛለች፤ ጉልበቷ ግን ከመስከረም ጀምሮ ያማታል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ ነው የምትደርሰው። ትስምሃለች። አባባ ሰላም ይልሃል፤ ግራ ጆሮው መስማት እያቆመ ነው፣ ለማንም አልነገረም፣ በቀኙ በኩል ስንቀመጥ ብቻ እንደሚመልስልን አይተን አወቅን። ማቴዎስ ሰላም ይልሃል፤ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል እየጮኸ ድምፁ ተዘግቷል። ሐዳሳ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ጤነኛ ናት፣ ግን ፎቶህን እያየች «አጎቴ ረጅም ነው?» ትለኛለች፣ አታስታውስህም። እኔ ከታኅሣሥ ወዲህ የደም ግፊት ኪኒን እውጣለሁ፤ ከማቴዎስ በቀር ይህን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ።

አንተም እንዲህ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ተሰብስበን እናነበዋለን።

እህትህ ጵርስቅላ
ሆሳዕና፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.